ያለ ምሰሶ የቆመው ቤት

ባለፈው ሳምንት ላሊበላ ውስጥ፣ ከገበያው በላይ በሚሠራው አዲስ የእንግዳ ማረፊያ በኩል ሳልፍ የተላገ ጥድ ሸተተኝና እግሬ ቆመ። ሰባ ዓመት ያለፈው ሰው ብዙ ነገር ይረሳል። እኔ የልጅ ልጆቼን ስም አምታታለሁ፣ መነጽሬን ግንባሬ ላይ ሰክቼ ቤቱን ሁሉ አስፈልጋለሁ፤ የጥድ ሽታ ግን አልረሳም። ዘበኛው «አባባ፣ ወዴት ነው?» እያለ ሲከተለኝ ያልሰማ መስዬ ገባሁ። ጆሮዬ የሚደክመው ስፈልግ ነው። ግቢው ውስጥ ቢጫ ቆብ የደፋች መሐንዲስ ልጅ ሠራተኞቿን ታዛለች። ቀና ብዬ ሳይ ጣሪያው ቅስት ነው፤ ፋብሪካ ያጎበጠው እንጨት በብሎን ተያይዞ ከግድግዳ ግድግዳ ተዘርግቷል፣ መሃሉ ላይ አንድም ምሰሶ የለም። ልጅቷ ጨዋ ናት፤ ሥዕሉን በስልኳ እያገላበጠች አስረዳችኝ። በመጨረሻ ፈገግ ብላ «አባባ፣ በላስታ እንዲህ ያለ ጣሪያ ሲሠራ የመጀመሪያው ይኼ ነው» አለችኝ።

እኔ ጉረኛ ሰው ነኝ። ነፍሷን ይማርና ሚስቴ ትመሰክር ነበር። በሌላ ነገር ቢሆን ኖሮ እርሳሷን ከጆሮዋ ላይ ነጥቄ አንድ ሰዓት ሙሉ አስተምራት ነበር። ያን ቀን ግን «እግዜር ያስፈጽምሽ» ብያት ወጣሁ። የመጀመሪያው የእኔ ነው። ጋሸና ላይ፣ ጢሜ ገና ሙሉ ጥቁር ሳለ ሠርቼዋለሁ። አንድ ዓመት እንኳ አልቆመም። ስለዚያ ቤት ለልጆቼ አውርቼላቸው አላውቅም፤ ሲጠይቁኝ ወሬ አስለውጣለሁ። አሁን የምጽፈው ዝም ማለቱ እያደር ስለከበደኝ ነው።

ጋሸናን ዛሬ በሚኒባስ ሽው ብሎ የሚያልፋት ሰው ያኔ ምን እንደነበረች አያውቅም። መንገዱ ወደ ላሊበላ የሚታጠፍባት፣ ንፋሷ ጋቢ ከትከሻ የሚገፍ፣ ከጥቂት ባሕር ዛፍ በቀር ዛፍ የማይታይባት የገብስ አገር ነበረች። ኤንትሬ የሚባሉት የጭነት መኪኖች ከነተሳቢያቸው መገንጠያው ላይ ተደርድረው ያድራሉ። ሾፌሮቹ ከታች የሰፋው ቤል ቦተም ሱሪያቸው አቧራውን እየጠረገ ከምግብ ቤት ምግብ ቤት ይሻገራሉ። ሻይ በአሥር ሳንቲም፣ አምባሻ በስሙኒ፤ ያውም ሻዩ ቅርንፉድ ያለበት። እኛ ከጎማ የተሠራ ባረባሶ ስንጫማ፣ ደህና ኑሮ ያለው ኮንጎ የሚባለውን የላስቲክ ጫማ ያደርጋል። ካኪ የለበሰ ሰው ብቅ ሲል የጀመርነውን ወሬ ትተን ስለ ዝናብ እናወራለን። ከአንዱ ሻይ ቤት ቴፑ የፍቅር ዘፈን ሲያንቆረቁር፣ ከገበሬ ማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ድምፅ ማጉያው የሰልፍ ዘፈን ይጮኽበታል፤ መሃል መንገድ ላይ የቆመ ሰው ሁለቱም ተደባልቀውበት አንዱንም አይሰማም። ዓመተ ምሕረቱን አልጠራም። ያኔ ጊዜን የምንቆጥረው «እነዚህ ሲመጡ»፣ «እነዚያ ሲወጡ» እያልን ነበር፤ ስማቸውንም ጮክ ብለን አንጠራም።

አያ እንድሪስን የማያውቅ ሾፌር አልነበረም። መገንጠያው አጠገብ ምግብ ቤት ነበራቸው፤ ሽርጣቸውን ሸብ አድርገው፣ ነጭ ቆባቸውን ደፍተው፣ የመጣውን ሁሉ በስሙ ጠርተው ይቀበላሉ። በጎልማሳነታቸው በአሰብ መንገድ የመኪና ረዳት ነበሩ። ሚስታቸው እትዬ ዘሐራ ሁለት ዓይናቸውን የዓይን ማዝ አጥፍቶባቸዋል። ቤታቸው እንደኛ አገር ቤት ሁሉ ክብ፣ ሳር ክዳን፣ መሃሉ ላይ ደንዳና ምሰሶ የቆመበት ነው። እትዬ ዘሐራ ቤታቸውን በልክ የሚያውቁ ሴት ነበሩ፤ ግን ሰው በችኮላ ሲጠራቸው ወይም ድስት ሲገነፍል ድንገት ይነሡና ከምሰሶው ጋር ይጋጫሉ። ግንባራቸው ላይ ሦስት ጠባሳ ነበር። አያ እንድሪስ ምሰሶውን ከታች እስከ ቁመታቸው ድረስ በበግ ቆዳ ጠቅልለውት ነበር። ቤታቸው የገባ እንግዳ ሁሉ ይሥቅበታል፤ እሳቸው አብረው ይሥቃሉ፣ ቆዳውን ግን አያነሡትም።

እኔ ላሊበላ የተወለድኩ አናጢ ነኝ። አባቴ መሪጌታ ነበሩ፤ ወደ ይምርሐነ ክርስቶስ ለክብረ በዓል ሲወጡ ይዘውኝ ይሄዱ ነበር፣ እኔም ጸሎቱን ትቼ አንገቴን ሰብሬ የቤተ መቅደሱን የእንጨት ጣሪያ ሳይ እውል ነበር። ቅኔ ባይገባኝ እንጨት ገባኝ። ጋሸና የሄድኩት ለአንድ ሻይ ቤት አግዳሚ ወንበር ልሠራ ነው። አያ እንድሪስ ምሳ ጋብዘውኝ፣ እጄን ሳልታጠብ ጠየቁኝ።

«ደምሌ፣ ምሰሶ የሌለው ቤት ትሠራልኛለህ?»

«ምነው አያ! ምሰሶ የሌለው ቤት ምን ይዞ ይቆማል?»

«አሰብ ሳለሁ አሸዋ ላይ የተገለበጠ ጀልባ አይቻለሁ። ሥሩ አምስት ሰው ተጋድሞ ነበር። ውስጡ የቆመ እንጨት የለበትም፤ ጎድን ብቻ ነው።»

«ጀልባማ የጋሸናን ንፋስ መች ያውቀዋል?»

«የባሕሩን ማዕበል የቻለ እንጨት ለኛ ንፋስ ያንሳል? ወላሂ፣ አልችልም በለኝና ሌላ ሰው ልፈልግ።»

አልችልም የሚለውን ቃል እኔ መች አውቀዋለሁ። እዚያው እሺ አልኩ።

እኛ ዘንድ ቤት ሲሠራ ቀድሞ የሚቆመው ምሰሶው ነው። ቀን ተመርጦ፣ ሽማግሌ መርቆ፣ ጎረቤት ተጠርቶ ይቆማል። ስለዚህ የእኔ ቤት ገና ሳይጀመር ሰዉን አስከፋ። ሽማግሌዎቹ «ምኑን እንመርቅላችሁ?» ብለው ሳይመርቁ ሄዱ። ይኼ ነገር ቅር አሰኝቶኛል፣ እውነቱን ለመናገር ግን ደስም ብሎኝ ነበር፤ ሰው የማይችለው መስሎት የተወውን ሥራ መሥራት ያኔ ምግቤ ነበር። አውድማው በእበት ተለቅልቆ ደርቆ ነበርና፣ የቅስቱን ሥዕል እዚያ ላይ በሙሉ ቁመቱ አወጣሁት። ችካል ተክዬ፣ ገመድ አስሬ፣ ከገመዱ ጫፍ አመድ እያፈሰስኩ ዞርኩ። የገመዱን ልክ ሦስት ጊዜ ለወጥኩ። በጣም ክብ ሲሆን እንደ በርሜል ወገቡ ይወጣል፤ ሲለጠጥ ደግሞ ግድግዳውን ወደ ውጭ ይገፋዋል። በአራተኛው ልኩን አገኘሁት። አያ እንድሪስ እትዬ ዘሐራን በእጃቸው መርተው አመጧቸውና የአመዱን መሥመር በባዶ እግራቸው አስኬዷቸው። ከአንዱ ጫፍ ሌላው ጫፍ ድረስ ሄደው ቆሙ። «ይኼ ሁሉ ከላዬ ሊሆን ነው?» አሉ።

እንጨቱ ነው ያስቸገረኝ። ቀጥ ያለ ግንድ ጉበጥ ቢሉት ይሰነጠቃል። እኔ ያሰብኩት ራሱ የጎበጠውን ዛፍ ነው፤ ገደል አፋፍ ላይ የሚበቅል ጥድ ወደ ጎን ይወጣና ብርሃን ፍለጋ መልሶ ወደ ላይ ይታጠፋል። እንዲህ ያለውን ግንድ መሃል ለመሃል በሁለት ሰው መጋዝ ሲሰነጥቁት እኩል የጎበጡ ሁለት መንትያ ይወጣሉ፤ ፊት ለፊት አቁመው አናታቸውን ሲያጋጥሙ ቅስት ነው። ሰባት ቅስት፣ ሰባት ዛፍ። የቤተ ክርስቲያኑን ደን አልነካሁም፣ አባቴ ቢሰሙ ይረግሙኛል። በታች ባሉት ሸለቆዎች ገበሬው ከገዛ ድንበሩ ላይ የሚሸጠውን ስፈልግ ሁለት ወር ፈጀብኝ። ሰው ቀጥ ያለውን ሲመርጥ እኔ ጠማማውን ሳማርጥ ገበሬዎቹ ያበድኩ መስሏቸው ነበር። ምስማር ከመጋዘን በደብዳቤ ነው የሚገኘው፣ ደብዳቤ ደግሞ በዘመድ፤ እኔ ዘመድ የለኝምና ቅስቶቹን በወይራ ችካል አጋጠምኳቸው። ዛሬም ቢሆን ከምስማር የወይራ ችካል ይሻላል እላለሁ፣ ማንም ቢከራከረኝ እከራከረዋለሁ።

ቅስቶቹ የቆሙ ዕለት የገበያ ቀን ነበርና ሰዉ ሁሉ ሊያይ መጣ። ሰባቱ ጎድኖች ራቁታቸውን በሜዳው ላይ ቆመው ንፋሱ በመሃላቸው ሲያልፍ ያፏጭ ነበር። ከቆላ ጨው ይዘው የወጡ አንዲት ባልቴት ቆመው ካዩ በኋላ «ይኼማ የሞተ ግመል ጎድን ነው» አሉና መሬት ላይ እንትፍ ብለው ሄዱ። ሰው ሣቀ፤ አያ እንድሪስ አልሣቁም። እኔ ደግሞ ክፉ ወሬ እንዲጠፋ ብዬ አሥራ ሁለት ጎረምሳ መሃለኛው ቅስት ላይ እንዲንጠለጠሉ አደረግኩ። ጭራሽ ንቅንቅ አላለም። አናቱ ላይ ወጥቼ እስክስታ መታሁ። ጥጋቤን አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል።

ማገሩ ባሕር ዛፍ ሆነ፣ ልብሱ ቆርቆሮ፤ ቅስቱን እንዲከተል ለሁለት እየቆረጥኩ መታሁት። አዲሱ ቆርቆሮ ከነጥቂት ምስማሩ በሾፌሮቹ እጅ ከደሴ ነው የመጣው፣ አንዱ ቅጠል አሥራ ምናምን ብር። ፀሐይ ሲያርፍበት ከጎረቤት ከተማው ከኮን መንገድ ጀምሮ ይታያል ብለው ሾፌሮቹ አጋነኑልኝ፤ እኔም ወሬውን ደጋግሜ አስወራሁት። እትዬ ዘሐራ የገቡ ቀን በሩ ላይ ጫማቸውን አወለቁና እጃቸውን ወደፊት ዘርግተው ገቡ። መሃል ሲደርሱ ቆሙ። እጃቸው የለመደውን ምሰሶ ፈልጎ አየሩን ዳበሰ። «እንድሪስ፣ የት ነኝ?» ብለው ጮኹ። ድምፃቸው ከቅስቱ ተመልሶ መጣባቸው። ደነገጡ፤ ደግመው ጮኹ። ከዚያ ሣቁ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ያንን ድምፅ ለመዱት፤ መንዙማ እያንጎራጎሩ ይሄዳሉ፣ ድምፃቸው የሚመለስበትን ሰምተው ከግድግዳው ምን ያህል እንደራቁ ያውቃሉ። ግንባራቸው ላይ አራተኛ ጠባሳ አልወጣም። እንዲህ ያለ ደስታ በሥራዬ ከዚያ በፊትም ከዚያም በኋላ አላገኘሁም።

ክረምቱ ወጣ። ገብሱ ሲያሸት ኤንትሬዎቹ ቀነሱ። በሳምንት ሁለት፣ ከዚያ አንድ፣ ከዚያ ምንም። የሻይ ቤቱ ቴፕ ባትሪ ድንጋዩ አለቀና ድምፅ ማጉያው ብቻውን ቀረ፤ አንድ ቀን እሱም ዝም አለ። ካኪ የለበሱት ሄዱ፣ ሌሎች መጥተው አንድ ሳምንት ሰነበቱና እነሱም ሄዱ። ማን እንደሚገዛን የሚያውቅ አልነበረም። ሰው ሰላምታውን አሳጠረ። ከዚያ አውሮፕላኑ መምጣት ጀመረ። መጀመሪያ ከፍ ብሎ አልፎ ይሄድ ነበር፤ ልጆች ወጥተው ያጨበጭቡ ነበር። ቆይቶ አንዲት ሩቅ የገበያ ከተማ በአውሮፕላን መደብደቧ ተወራ። ከዚያ ወዲህ ማንም አላጨበጨበም። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ቤት ለቤት እየዞሩ፣ ድምፃቸውን ቀንሰው፣ «ቆርቆሮ ያለህ ሁሉ ጭቃ ቀባው፣ አይብለጭለጭ» አሉ። ጣሪያው ሁሉ በአመድና በጭቃ ተለቀለቀ።

የእኛ ጭቃ አልይዝ አለ። ከቅስቱ ላይ ይንሸራተታል፤ ያዘ ሲሉት ደርቆ እየተሰነጠቀ ይረግፋል። ሦስት ቀን ቀባን፣ ሦስት ቀን ረገፈ። በአራተኛው አያ እንድሪስ መሰላሉ ሥር ቁጭ አሉ።

«ደምሌ፣ እናፍርሰው።»

«ምን አሉኝ?»

«ቆርቆሮውን አውርደን እንቅበረው። ክፉ ቀን ሲያልፍ መልሰህ ትመታዋለህ። ከዚህ አገር ቤት ሁሉ ይኼ ብቻ ነው የተለየ። ከላይ ሲያዩት መጋዘን ይመስላቸዋል ብዬ ፈራሁ።»

«ቆርቆሮው ተነቅሎ ተመልሶ ሲመታ ቀዳዳው ያፈሳል። ሥራዬን በዚህ ዓይነት አላበላሸውም። እኛ አገር ነገር የሚደበቀው በጥድ ቅርንጫፍ ነው። በቅጠል እናልብሰው፤ ዛፍ ይመስላል፣ ማንም አያየውም።»

«እዚህ አገር ዛፍ የት አለ ደምሌ?»

«አያ፣ አንቱ ምግብ ያብስሉ፤ ጣሪያውን ለኔ ይተዉት።»

ይህን ያልኩት እኔ ነኝ። ለታላቅ ሰው፣ በገዛ ደጃቸው። አያ እንድሪስ አንገታቸውን ደፍተው «እሽ፣ አንተ ታውቃለህ» አሉኝ። ሰው እንዲህ ሲለኝ ደስ ይለኝ ነበር።

ከላስታ ሸለቆ በአህያ የጥድ ቅርንጫፍ አስጭኜ አመጣሁ። ከአናቱ እስከ ጥጉ ለምለም አለበስኩት፣ በጠፍር አሰርኩት። ከሩቅ ቆሜ አየሁትና በራሴ ረካሁ። «ጥድ በሳምንቱ ደርቆ ይቀላል» አልኳቸው፤ «የደረቀውን እያነሡ ይጠብቁኝ፣ እኔ በየሳምንቱ ሐሙስ ጠዋት ትኩሱን አመጣለሁ። ሳይለወጥ እንዳይውል።» አያ እንድሪስ ቃላቸውን የሚጠብቁ ሰው ናቸው። ሦስት ሐሙስ እንዲህ አደረግን።

በአራተኛው ሐሙስ አራት አህያ ጭኜ፣ ከወትሮው መንገድ ወጥቼ፣ ከጋሸና በላይ ባለው ኮረብታ በኩል ብቅ አልኩ። በዚያ ሳምንት ገብሱ ታጭዶ አልቆ ነበር። ፀሐይዋ ወጥታለች፣ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፣ ሜዳው ከዳር እስከ ዳር ቢጫ ነው። ከተማዋ በአመድና በጭቃ ተለቅልቃ ከመሬቱ ጋር አንድ ሆናለች፤ የት ጀምራ የት እንደምታልቅ አይለይም። ከዚያ ሁሉ ቢጫ መሃል አንድ አረንጓዴ ነገር ብቻ ይታያል። ረጅም፣ የጎበጠ፣ ለምለም። ሥር ሥሬን የነበሩት አህዮች ቆሙ፣ ወይም እኔ አስቆምኳቸው፤ አላስታውስም። እንደዚያ ከፍ ካለ ቦታ አይቼው አላውቅም ነበር። የጥድ አገር ሰው በመሆኔ ለምለም ነገር ይደበቃል ብዬ አሰብኩ። በዚህ ሜዳ ላይ ለምለም ነገር ማለት ሰው ሆን ብሎ የደበቀው ነገር ማለት ነው። አናቱ ላይ አንድ ሰው ነጭ ቆብ አድርጎ የደረቀውን ቅርንጫፍ ወደ ታች ይወረውራል።

መሮጥ ጀመርኩ። የአውሮፕላኑ ድምፅ ከኋላዬ መጣ። «አያ! ይውረዱ!» እያልኩ ጮኽኩ፤ ያን ያህል ርቀት የሰው ድምፅ አይደርስም። አውሮፕላኑ አንዴ አልፎ ሄደ። ሄደ ብዬ እግዚአብሔርን አመሰገንኩ። ከዚያ ክንፉን አዘንብሎ ዞረ።

ስደርስ አቧራው አልወረደም ነበር። ቦምቡ የወደቀው ቤቱ ላይ ሳይሆን ከጎኑ ነው። በዚያ በኩል ያለው ግድግዳ ፈርሷል፣ ቆርቆሮው ተገፍፎ ሜዳው ላይ ተበትኗል። ከሰባቱ ቅስት አምስቱ ቆመዋል። ከሥራቸው እትዬ ዘሐራን አገኘናቸው፤ በአቧራ ነጭ ሆነው፣ ቁጭ ብለው፣ እጃቸውን ጆሯቸው ላይ አድርገው። አንዲት ጭረት የለባቸውም። ደጋግመው «ድምፄ አልመለስ አለኝ» ይሉ ነበር። አያ እንድሪስን ያገኘናቸው ከታጨደው ማሳ ውስጥ ነው። ያንን አልጽፈውም። በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ፣ አውሮፕላኑን እየፈራን፣ በጥድፊያ ቀበርናቸው። እስላሙም ክርስቲያኑም ቆፍሯል፣ እኔም ቆፍሬያለሁ። ሰዎች ትከሻዬን እየያዙ «እግዜር ይስጥህ፣ ያንተ እንጨት ነው ሴትዮዋን ያተረፋት» ይሉኝ ነበር። እኔም «አሜን» አልኩ።

እትዬ ዘሐራን ወንድማቸው ኮን ወሰዷቸው። በሳምንቱ ለቅሶ ልደርስ ሄድኩ። ኮንጎ ጫማዬን በር ላይ አውልቄ ገባሁ። ቀኑ ገና እኩል ነው፤ ለቀስተኛው ለሶላት ወጥቶ እትዬ ዘሐራ ብቻቸውን ተቀምጠዋል፣ በአንድ እጃቸው የወንድማቸውን ቤት ምሰሶ ይዘዋል። ሰላም አልኳቸው፣ አለቀስን። ከዚያ ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩ።

«ደምሌ፣ ብቻችንን ነን?»

«ብቻችንን ነን፣ እትዬ።»

«አንድ ነገር ልጠይቅህ። ቅጠሉ ቤቱ ላይ የወጣ ሳምንት እንድሪስን ለምኜው ነበር። አንሣው፣ እዚህ አገር የሌለ ነገር ቤታችን ላይ አትከምር ብየው። ተቆጣኝ። የራሴ ሐሳብ ነው፣ የማንም አይደለም፣ እኔ አውቄ ነው አለኝ። እንድሪስ እኔን ተቆጥቶኝ አያውቅም ነበር።» ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። «አሁን ዱዓ ላደርግለት እነሣና አፌ እንቢ ይለኛል። ለምኘህ ሳለሁ፣ በገዛ እልህህ ሞትህ፣ እኔንም ጥለኸኝ ሄድህ እያልሁ እቀየመዋለሁ። የባሌን ቂም ይዤ መስገድ ከበደኝ። እውነት የሱ ሐሳብ ነበር? ወይስ የሌላ ሰው ሆኖ ሊሸፍንለት ነው? የሌላ ሰው ከሆነ ሰውየውን አልረግመውም፣ ወላሂ አልረግመውም። እንድሪስን ይቅር ልበለው ብየ ነው።»

አያ እንድሪስ ለምን እንደዋሹላቸው ያኔ ገባኝ። እትዬ ዘሐራ በእኔ እንዳያዝኑ፣ እኔም በሥራዬ ገቡብኝ ብዬ እንዳልቀየም ነው። ቅዱስ ሰው ነበሩ። አፌን ከፈትኩ። «እኔ ነኝ» ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። ከውጭ ከሶላት የሚመለሱ ሰዎች ድምፅ ይሰማኛል፤ ለእሳቸው ያልኩትን እነሱም ሊሰሙት ነው፣ «ያንተ እንጨት ነው ያተረፋት» ያሉኝ ሰዎች ሁሉ። ትንፋሼን ያዝኩ።

«ደምሌ?»

ዓይኔን ወደ በሩ መለስኩ።

«ደምሌ፣ አለህ?»

ምሰሶውን ያልያዘውን እጃቸውን ዘረጉ። አየሩን ዳበሱት። ጣታቸው ከጋቢዬ ጥለት ስንዝር ሲቀረው፣ ጥለቱን በቀስታ ወደ ደረቴ ሰበሰብኩ። በጫፍ ጣቴ ተነሣሁ። እጃቸው ተመልሶ ጭናቸው ላይ ወደቀ። «ሄዷል እንዴ» አሉ ለራሳቸው። ጫማዬን በእጄ ይዤ፣ ድንጋዩን በባዶ እግሬ እየረገጥኩ ከግቢው ወጣሁ። ጫማዬን ያጠለቅኩት ከኮን ከወጣሁ በኋላ ነው።

ሁለተኛ አላየኋቸውም። በዓመቱ እሄዳለሁ አልኩ፣ ከዚያ በሚቀጥለው ዓመት። ዘመኑ ተለወጠ፣ መንገዱ ተከፈተ፣ መኪናው በዛ፤ ወደ ኮን የሚያስኬድ ጉዳይ ሲመጣ እኔ ሌላ ሰው እልክ ነበር። ያረፉት ከስንት ዓመት በኋላ ነው። ወንድማቸውን አንድ ቀን ገበያ መሃል አግኝቻቸው እንዴት እንዳለፉ ጠየቅኳቸው። ሰግደው፣ ጾመው፣ ለጎረቤቱ ሁሉ፣ ለሙቱም ለሕያዉም ዱዓ አድርገው እንዳለፉ ነገሩኝ። የባላቸውን ስም ግን በዱዓቸው ውስጥ አንድም ቀን እንዳልጠሩ፣ ምክንያቱን ለማንም እንዳልተናገሩ ጨምረው ነገሩኝ።